ከሥራቸው የጎበጡት ዛፎች

ሰኔ 5 ቀን 2008
እሁድ። እማዬ ቅዳሴ ሄዳለች። ውሃ ስለመጣ ጀሪካኑን ሁሉ ሞላሁ፣ ልብስ አጠብኩ። ከዚያ የኤልያን ላፕቶፕ ከፈትኩት... ይሠራ እንደሆነ ለማየት ብቻ ነበር። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ማንም አልነካውም።

ከስልኬ ኢንተርኔት ሰጠሁት። ይከታተለው የነበረው ትምህርት በራሱ ተከፈተ። ጂኦሎጂ፣ ለጀማሪዎች። «እንኳን ደህና ተመለስክ፣ ኤልያቄም» አለኝ በእንግሊዝኛ። ቶሎ ዘጋሁት።

ሰኔ 8
ዛሬም ከፈትኩት። ምን ሆኛለሁ?

እማዬ ኪዳን አድርሳ እስክትመለስ፣ ኢርፎን ሰክቼ። ድንጋይ፣ መሬት የሚባል ወሬ ቤት ውስጥ እንዲነሳ አትፈልግም። በረንዳ ላይ ያሉትን የሱን ድንጋዮች ግን በየሳምንቱ ታጥባለች። ባልጩቱን ለብቻው፣ በጨርቅ።

አስተማሪዋ አሮጊት ፈረንጅ ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። ግማሹ አልገባኝም። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ እኔን ምን አገባኝ? ግን አንድ ነገር ማወቅ አለብኝ። አፈሩ ለምን እሱ ላይ ተናደ?

ሰኔ 19
ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ታክሲ ስጠብቅ ሰላሁንን አየሁት። አንገቱን ደፍቶ ተሻገረ። የኤልያ የክፍል ጓደኛ ነበር። ያን ቀን ዓባይ በረሃ ድንጋይ ሊያዩ የሄዱት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

መርዶውን ያረዱን የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ተሰማ ናቸው። ገና ሳይነጋ። «ገደል ሥር ወደ ሰላሁን ሲወርድ ተናደበት» አሉ፣ በቃ። መርዶ ላይ ከዚያ በላይ አይወራም። እማዬ ያቺኑ ይዛ ቀረች። ሰላሁን ጠርቶት ነው የወረደው አለች። ሰላሁን ለቅሶ ሲመጣ «ይሄን ልጅ ከድንኳኑ አውጡልኝ» ብላ ጮኸች። ወጣ። አንድ ሰው እንኳ ምን እንደሆነ አልጠየቀውም። እኔም አልጠየቅኩት።

ሐምሌ 3
ተማሪዎቹ የሚጻጻፉበት ገጽ አለ። ኤልያ ጽፏል። «በሚቀጥለው ሳምንት ገደል ልናይ ነው፣ ፎቶ እለጥፋለሁ።» ከሥሩ አንድ ፊሊፒንስ ያለ ሰው፣ ከቀብሩ በኋላ... «ፎቶው የታለ? እየጠበቅን ነው።»

ምን ልበለው?

ሐምሌ 6
መብራት የለም።

ሐምሌ 10
የመሬት መንሸራተት። ኤልያ የመጨረሻ ያየው ትምህርት ይሄ ነው።

ምልክት አለው ትላለች አስተማሪዋ። ከላይ መሬቱ ይሰነጠቃል። ዛፎቹ ከሥራቸው ይጎብጣሉ። መሬቱ ቀስ እያለ ሲንሸራተት ዛፉ ያዘነብላል፣ ከዚያ ቀና ለማለት ይታገላል... ለዚያ ነው የሚጎብጠው። መጨረሻ ላይ ጥያቄ አለ። ኤልያ ሁሉንም መልሷል፣ አንድ አልሳተም።

ታዲያ እያወቅክ ለምን ወረድክ? ለምን ኤልያ?

ከሰዓት ስወጣ መንገድ ላይ የማየው የዛፍ ሥር ብቻ ሆነ። የልደታ ቤተ ክርስቲያንን ጽዶች ሳይቀር። እነሱ ቀጥ ያሉ ናቸው።

ሐምሌ 15
ሰላሁን ጋ ደወልኩ። ሰንጋ ተራ፣ ከመሥሪያ ቤቴ ሥር ያለው ሻይ ቤት ተገናኘን። ከስቷል።

የዚያን ቀን ፎቶ እንዳለው ጠየቅኩት። ስልኩን አቀበለኝ። ኤልያ ገደሉ አናት ላይ ቆሞ በሰላሁን ስልክ ያነሳው ነው። ሰላሁን ታች ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ይሰብራል። ከጎኑ ዛፎቹ... ሁሉም ከሥራቸው ጎብጠዋል።

«እኔ ልብ አላልኳቸውም። እሱ ነው ያያቸው። ሲጠራኝ ኖሯል... ኢርፎን ሰክቼ በኤምፒ3 ማጫወቻ ሙዚቃ እሰማ ነበር፣ ሌንሴ እህቴ። ወርዶ ከጆሮዬ ነቀለው። ‹ስጠራህ አትሰማም?› አለኝ። ከፊቱ አድርጎ ገፋኝ። ላይ ስደርስ ስልኬን ሣሩ ላይ አስቀምጦት ሄዷል፣ እሱ ግን ከኋላዬ የለም።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ድንኳን ውስጥ? ለእትዬ ደሚቱ? ልጅዎ በኔ ምክንያት ሞተ ብዬ?»

ልናደድበት ፈለግኩ፣ አልቻልኩም። ሰው ፊት አለቀስኩ።

ሐምሌ 24
ልንገራት? አልንገራት? ሙት ዓመቱ እየደረሰ ነው። ጋሽ ተሰማ ጥቁሩን አውልቂ ሊሏት መጥተው ነበር። «ልጄን ጠርቶ ያስበላው በሰላም እየሄደ እኔ አላወልቅም» አለቻቸው።

ኢርፎኑን በነቀልኩ ቁጥር ሰው ሲጠራኝ የቆየ ይመስለኛል። ዞር እላለሁ። ማንም የለም።

ነሐሴ 8
ነገርኳት። ፎቶውን ከሰላሁን አስልኬ ነበር። ዛፎቹን አንድ በአንድ እያሳየሁ፣ አስተማሪዋ እንዳለችው አስረዳኋት።

«ያውቅ ነበር?» አለች።

«ያውቅ ነበር፣ እማ።»

«እያወቀ ወረደ?»

በረንዳ ወጥታ ትናንት ያጠበቻቸውን ድንጋዮች እንደገና አጠበቻቸው። አጠፋሁ? ባታውቀው ይሻላት ነበር?

ነሐሴ 22
ሙት ዓመቱ። ድንኳኑ ከብሎካችን ፊት ለፊት። ሰላሁን መጣ። እማዬ ለካ ራሷ በጋሽ ተሰማ በኩል ልካበታለች፣ ትንፍሽ አላለችኝም። መግቢያው ላይ ቆሞ ቀረ።

ተነሳች። እጁን ይዛ አመጣችውና ከጎኗ አስቀመጠችው። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» ሲላት «እሱ ያወጣህን እኔ አላስወጣህም» አለችው። ከዚያ «ብላ» አለችው። በራሷ እጅ አጎረሰችው። ቀና ብሎ ሊያያት ሲታገል አየሁት።

ጥቁሩን ግን አላወለቀችም።

ነሐሴ 23
ለፊሊፒንሱ ሰውዬ ፎቶውን ለጠፍኩለት። ሰላሁንን ቆርጬ፣ ዛፎቹን ብቻ።

ነሐሴ 25
ዛሬ ኪዳን አልሄደችም። እኔ ተኝታለች ብዬ ላፕቶፑን ስከፍት ከኋላዬ ቆማለች።

«ምን ይላል?»

«እንኳን ደህና ተመለስክ፣ ኤልያቄም ነው የሚለው።»

ታለቅሳለች ብዬ ደነገጥኩ። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ብዙ ቀርቶት ነበር?»

«ትንሽ ነው የቀረው።»

«ጨርሺለት። እኔም ልስማ።»

«እንግሊዝኛ እኮ ነው፣ እማ።»

«ይሁን። እሱ ሲሰማ የነበረውን ልስማ።»

ኢርፎኑን ነቀልኩት።