የቀይ እስክሪብቶሽ መንቀጥቀጥ

እምዬ፣

ይህን ስታነቢ እባክሽ ቀይ እስክሪብቶሽን አስቀምጪልኝ። ፊደሎቼ መስመር የለቀቁት እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ከተለየሽን አራት ዓመት ሞላ። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ከደሴ ይዘሽው የመጣሽውን፣ መቀሌም ላይ ስንቱን ተማሪ ያስተማርሽበትን አማርኛ አበላሽብሻለሁ ብዬ ነው። አሁን ግን ፈርቻለሁ፤ ስፈራ ደግሞ ከአንቺ ሌላ የምጠራው የለኝም።

ቤታችን እንደነበረ ነው፤ ሰፈራችን ቀዳማይ ወያነም ያው ገበያው፣ ያው ጫጫታው። አባዬ ጉልበቱ ቢደክምም ደህና ነው። ጭንሽ ላይ ተቀምጣ ፊደል የቆጠረችው ልጄ ብሌን፣ ትምህርት በተቋረጠባቸው ዓመታት ወደኋላ ቀርታ ገና ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ቁመቷ ግን እኔን ሊያክል ምንም አልቀረው። የተለወጥኩት እኔ ነኝ።

ዐምና ልቤ ያለ ምክንያት መሮጥ ጀመረ። ሓወልቲ ሰፈር ባለው መሥሪያ ቤቴ አንድ ፎቅ ብቻ ወጥቼ ግድግዳ እደገፋለሁ። ዶክተሯ አንገቴን ዳብሳ፣ ደሜን አስመርምራ፣ የታይሮይድ ዕጢዬ ከልክ በላይ እየሠራ ነው አለችኝ። መድኃኒቱን ስጀምር ከልክ በታች ወረደ፤ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ለብሼ እንዘፈዘፋለሁ፣ ፀጉሬ ማበጠሪያ ሙሉ ይነቀላል። መጠኑን ስትቀንሰው እንደገና ወጣ። ባለፈው ወር ደግሞ ውጤቱ ልክ ነው ተባለ፤ እኔ ግን ልክ አይደለሁም። ቁጭ ባልኩበት ልቤ ይዘላል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ የጀመርኩት ወሬ መሐል ላይ ይጠፋኛል። ለምን እንደሆነ ዶክተሯም ገና አላወቀችውም። ችግር ሲደራረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ትዪ ነበር፤ እኔም እስቅ ነበር። አሁን መስታወት ፊት ቆሜ አንገቴን ስዳብስ ተረትሽ ትዝ ይለኛል፤ አያስቀኝም።

ጎረቤታችን ኣደይ ለተብርሃን በየቀኑ ብቅ እያሉ «ኣጆኺ»፣ አይዞሽ፣ ይሉኛል። እሺ እላለሁ። ልቤ ግን ኣጆኺ አይሰማም።

የመጀመሪያው ቀን ዶክተሯ ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት አለ ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። ዓይኔን ሳላሽ የለም አልኩ። የአንቺን ነገር ሕመም ብለን ጠርተነው አናውቅማ። በታኅሣሥ ብርድ መስኮት ስትከፍቺ አመሏ ነው አልን። እየበላሽ ስትከሺ የልጆች ጩኸት ነው ያከሳት አልን። በትንሽ ነገር ስትቆጪ እኔ ራሴ አኮረፍኩሽ፣ ሁለት ቀን ሙሉ። ከዚያ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ መድኃኒት የጠፋበት ክፉ ዘመን መጣና ልቤ ልቤ አልሽ። የማን ልብ ያልመታ ነበር? ከተማው ሁሉ ከስቶ፣ ከተማው ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። የአንቺን ከማን ለይተን እንየው? አንድ እሑድ ነጠላሽን አጣፍተሽ ለቤተ ክርስቲያን ስትወጪ፣ ደጃፍ ላይ አረፍ እንዳልሽ ቀረሽ። ሐዘን ገደላት ብለን ቀበርንሽ።

ባለፈው ሳምንት ሞቆኝ መስኮት ከፈትኩ። አባዬ ብርድ ገባ ብሎ ሊዘጋው መጣና እጁን መስኮቱ ላይ እንዳደረገ ያየኝ ጀመር። ሳይዘጋው ወጣ። ምን እንዳየ የገባኝ ቅዳሜ ዕለት ሳጥንሽን ስከፍት ነው።

የብሌን የአንደኛ ክፍል ደብተር እዚያ ነበር። እንደ ልማድሽ በየገጹ ራስጌ ቀኑን ጽፈሻል፤ መንገዱ ከመዘጋቱ ዓመት ቀድሞ ነው። የእርማትሽ ቀይ መስመር ይንቀጠቀጣል። «ጎበዝ» ብለሽ የጻፍሽው ሁለት ቦታ ተሰብሯል። የራሴን ጽሑፍ አጠገቡ አስቀምጬ አየሁት፤ አንድ እጅ የጻፈው ይመስላል።

ሐኪም አይደለሁም፣ ተሳስቼም ይሆናል። ግን ዘመኑ ብቻ አልነበረም እምዬ። ታመሽ ነበር፣ እኛም አጠገብሽ ተቀምጠን አላየንሽም። ይቅር በይኝ። አሁን ከቤት በወጣሁ ቁጥር ያን ደጃፍ የምሻገረው ትንፋሼን ይዤ ነው። ትናንት ሻይ ሲፈስብኝ ብሌን ቀስ ብላ ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደች፤ እኔ ግን የማየው የእሷን ጣቶች ነበር። አልተንቀጠቀጡም። ደግሜ አየሁ።

ሰኞ ቀጠሮ አለኝ። ብሌንንም፣ ደብተሩንም ይዤ እሄዳለሁ። በየዓመቱ ዝክርሽን አላስታጉልም፤ ይህን ቃል የገባሁት ስንቀብርሽ ነው። የዛሬው ቃሌ ሌላ ነው፤ ዶክተሯ እስክትጠይቀኝ ሳልጠብቅ፣ እናቴ ነበረባት፣ እጇም እንዲህ ነበር ብዬ ደብተሩን እዘረጋላታለሁ።

አሁን ቀይ እስክሪብቶሽን አንሺው እምዬ። ሌላውን ስሕተቴን ተይው። ያቺን «የለም» ያልኳትን ብቻ ሰርዢልኝ።

ልጅሽ ሰናይት