የአባትሽ የደም ግፊት ሲወርድ

ልጄ ሳይፒን፣

ዛሬ ማለዳ ለመነኮሳቱ ሩዝ ሳቀርብ ያገኘሁት በረከት ባሕር ተሻግሮ አንቺ ጋ ይድረስ። የታይዋን ኑሮ እንዴት ይዞሻል? እዚህ ኮንኬን ዝናቡ ጥሩ ነው፤ የምናርስባት ጎሻችንም ወልዳለች።

አባትሽ የኩላሊት እጥበቱን አላጓደለም። ጨው ስለተከለከለ በጨው የተብላላውን ዓሣ እንኳ ከነማሰሮው ለጎረቤት ሰጥቻለሁ። የደም ግፊቱ ግን ያለ ምክንያት ይወርዳል፤ ያኔ ሰውነቱ ቀዝቅዞ ብጠራውም አይሰማኝም። ሐኪሞቹ መድኃኒቱን ቢቀያይሩም ምክንያቱን አላገኙትም።

ባለፈው ሳምንት እንደገና ወረደ። የሰፈራችን የጤና በጎ ፈቃደኛ ላምዱዋን ግፊቱን ለክታ ደነገጠች።

"ነፍሱ ወጥታ እየዞረች ነው፤ ጥሪያት እንጂ!" አለችኝ።

ሸሚዙን፣ ሩዝና የተቀቀለ እንቁላል ይዤ ደጅ ወጣሁና ነፍሱን በስሙ ተጣራሁ። ግፊቱ ቀስ እያለ ተመለሰ። ነፍሱ ዳግም እንዳትወጣ የሚታሰረውን ነጭ ክር እጁ ላይ ልናስርለት ስንል ዓይኑን ገለጠ።

"በዚያኛው እሰሩ! ይሄ እጅ የእጥበቱ መርፌ የሚገባበት ነው፤ ነርሷ ትገድለኛለች" ብሎ አሳቀን።

ቀጥሎ ግን፣ "የሳይፒን አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። አረንጓዴ መጋረጃ አላት። በእንቅልፏ ታስላለች" አለ። ላምዱዋን ሳቋን አቋረጠች። አንቺ ስለ መጋረጃ ነግረሽን አታውቂም።

እውነት ከሆነ ለእሱ አትንገሪው፤ ነፍሱ ወደ አንቺ መመላለስ ትለምዳለች። ለሳልሽም መድኃኒት ውሰጂ። ክፉ አይንካሽ፤ የምትረግጪው መሬት ሁሉ ይመችሽ።

አልጋሽ ጫፍ ላይ ሰው የተቀመጠ ከመሰለሽ አትፍሪ። "አባዬ፣ እማዬ በር ላይ ቆማለች፣ ቤት ግባ" በይው። ናፍቆቱ ቢበረታብሽም፣ ልጄ፣ "ትንሽ ቆይ" አትበዪው።

እናትሽ