የትኬቱን መልእክት የጻፍኩት እኔ ነኝ

ሱረያ፣
ቀድሜሽ ወጥቻለሁ። ሩዙ ፍሪጅ ውስጥ አለ፤ ስትወጪ ጋዙን ዝጊ።

«የዓመት ፈቃድሽ ጸድቋል፤ ትኬትሽን ለማየት እዚህ ተጫኚ» የሚለውን የሆቴላችንን መልእክት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማን እንደሚሸወድ ለማየት የተላከ ፈተና ነበር፤ ፈቃዱም ትኬቱም የሉም። ተጫንሽ፤ ፓስወርድሽንም አስገባሽ።

አምና በእንዲህ ያለ ፈተና ስሸወድ «ከመጥረጊያ ሌላ ምን ታውቃለች!» ብለሽ ሠራተኛውን ሁሉ አስቀሽብኛል። ይኸው ተምሬ የኮምፒውተር ደህንነት ክፍል ገባሁ።

ከሚሴ ልሄድ ነው ብለሽ ልብስ ስታጣጥፊ አይቼሻለሁ። ያኔ እንኳ አንጀቴን...
ተይው። ሻንጣውን መልሼ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ዛሬ አራት ሰዓት የተሸወዳችሁት ሁሉ ሥልጠና አላችሁ፤ አስተማሪዋ እኔ ነኝ። የፊት ወንበር ይዤልሻለሁ። የመጀመሪያው ትምህርት «በተሳሳተ ሰው አይሳቅም» ይላል።
አንቺን አንቺን እያየሁ ነው የማነበው።

ራቢያ