ጉድለት ሞልተው ቡድን ላጎደሉልን ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ ሠርፀ
የማላኪያ እግር ኳስ ቡድን ኮሚቴ ሊቀመንበርና የአንድ ትልቅ የግንባታ ድርጅት የመጋዘን ኃላፊ
ጁባ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት መጋዘን ድረስ እንዲደርስዎ እየተመኘሁ፣ ጉልበትዎ፣ ወገብዎና የደም ግፊትዎ እንደምን እንደሰነበቱ በትሕትና እጠይቃለሁ። የዓይንዎን ጤንነት ግን አልጠይቅም፤ ባለፈው ዓመት የምርጫ ቀን አጠገብዎ ቆሜ ስለነበር መልሱን አውቀዋለሁ። እኛ ተጫዋቾችዎ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ያለንን አጥብቀን የምንይዝ ሰዎች በመሆናችን፣ የመጨረሻው ደረጃ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእጃችን ወጥቶ አያውቅም።

ጸሐፊው ቢራራ ነኝ፤ ሃይ ማላካል ካለው ሥጋ ቤት ቢላ የያዝኩት፣ በሜዳ ደግሞ ስድስት ዓመት የግራ መስመር ተከላካይዎ። ሌላው በሁለት ዓመት የሚጨርሰውን የማታ ትምህርት በስምንት ወር ጨርሼ፣ መምህርታችን ወይዘሮ ሒሩት «ቢራራ፣ አንተ ቀድመህ ብትማር ኖሮ አገር ታስቸግር ነበር» ብለው የመሰከሩልኝ ሰው ነኝ። ይህ በሕይወቴ የጻፍኩት ሦስተኛው ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያው ለእናቴ ነበር፤ አለቀሰች። ሁለተኛው ለቤት አከራዬ ነበር፤ ጣሪያውን አስጠገነ። ስለዚህ እርስዎም ከሁለት አንዱን ማድረግዎ አይቀርም፤ የትኛውን እንደሚመርጡ ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ደብዳቤው ግልጽ እንደመሆኑ፣ ነገራችንን የማያውቅ አንባቢ እንዳይቸገር ሥርዓቱን ባጭሩ ላስረዳ። በጁባ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስምንት ቡድን አለን። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛ እሑድ፣ በዓመቱ ውስጥ ወደ ከተማው የመጡ መጫወት የሚፈልጉ ሰዎች ሁሉ ቁጥር የተጻፈበት የውኃ ካርቶን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሜዳው ዳር ይሰለፋሉ፤ ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ ቡድኖቹ ተራ በተራ አንዳንድ ሰው ያነሣሉ። ደካማው እንዲጠነክር ተብሎ፣ መጨረሻ የወጣው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል። የተመረጠው ሰው የዚያን ዕለት ምሳውን በመረጠው ቡድን ማዕድ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ የትም አይሄድም። ሌላም ደንብ አለ፤ ሦስት ዓመት ተከታትሎ መጨረሻ የወጣ ቡድን ይሰረዛል። እኛ ሁለቱን ጨርሰናል። መጪው እሑድ ምርጫ ነው። ደብዳቤዬም የሚጮኸው ስለዚህ ነው።

አሁን ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ባለፈው ዓመት ስለመረጡልን ሰው። ያን ቀን ካርቶን ቁጥር አራት ያንጠለጠለ እዮብ የሚባል በያጅ ነበረ፤ ከአርባ ምንጭ ከመጣ ገና ሁለት ወሩ። ኳስ ሲደርሰው ሜዳው ዳር ውኃ የምትሸጠው ሴትዮ ሳትቀር መሸጧን አቆመች። እኔን ሁለት ጊዜ አለፈኝ፤ ሁለተኛው ለማረጋገጫ ነበር። በጁባ እኔን ያለፈ ሰው በጣት እንደሚቆጠር የማያውቅ የለም። የሰባቱ ቡድን ኃላፊዎች የመጀመሪያው ምርጫ የእኛ በመሆኑ እያዘኑ ሲያዩን፣ እርስዎ ከኪስዎ አንድ ወረቀት አወጡ። በወረቀቱ ላይ፣ በመጋዘንዎ እንደለመዱት፣ ያለን በአንድ በኩል የጎደለን በሌላ በኩል ተጽፎ ነበር። አነበቡልን፤ «አጥቂ፣ ሦስት አለን። የግራ መስመር ተከላካይ፣ ማፊ፣ ምንም የለም።» ከዚያም እዮብን አልፈው፣ ከኋላ ጥላ ፈልጎ የተቀመጠውን ታዲዮስን አስነሡት፤ ግራ እግረኛ ነው ተብሎ።

ታዲዮስ መልካም ሰው ነው፤ የአውሮፕላን ቲኬት ይቆርጣል፣ ሰው አያስቀይምም፣ ይህንንም ሳነብለት ስቋል። ግራ እግሩ በእርግጥ የእርሱ ነው። ቀኙ የማን እንደሆነ ግን ዓመቱን ሙሉ ሲጣራ ቆይቶ እስካሁን አልታወቀም።

ሁለተኛ፣ ጎደለ ስላሉት ቦታ። ክቡርነትዎ፣ የግራ መስመር ተከላካይ ማፊ ሲሉ፣ የግራ መስመር ተከላካይዎ ከእርስዎ በስተግራ ቆሜ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ልምምድ ስለቀረሁ ከወረቀትዎ ሰረዙኝ። የት እንደሄድኩ ቢጠይቁኝ ኖሮ ፊደል ልቆጥር መሄዴን እነግርዎ ነበር፤ ግን ሰው መጠየቅ በመጋዘን ሥራ ውስጥ የለም፤ መደርደሪያው ላይ የሌለ ዕቃ የለም ነው። ሚስማር ሲጎድል ሚስማር ማዘዝ ይቻላል። ግን ክቡርነትዎ ያን ቀን ያደረጉት፣ ሚስማሩ ኪስዎ ውስጥ እያለ ሚስማር ለመግዛት ወጥተው፣ መንገድ ላይ ወርቅ አግኝተው፣ ወርቅ በዝርዝሬ ላይ የለም ብለው ተራምደውት እንደመሄድ ነው። በዚህም ሳቢያ ዓመቱን በሁለት የግራ መስመር ተከላካይ ጀመርን፤ ሌላው ቡድን ምን እንደሠራን ለማወቅ ለሁለት ሳምንት ተጨንቋል ይባላል።

ሦስተኛ፣ አሉን ስላሏቸው ሦስት አጥቂዎች። ሥዩም ከሆቴሉ እንግዳ መቀበያ የማይጠፋ ትሑት ሰው ነው፤ ትሕትናውን ሜዳ ድረስ ይዞ ስለሚመጣ ኳስ ሲደርሰው መጀመሪያ ተጋጣሚውን ያስተናግዳል። ጎል ሲያገባ ያዩት ሰዎች አሁን ሁሉም አገር ቤት ገብተዋል። አብይ የረድኤት ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ስድስት ሳምንት ሠርቶ ለእረፍት ይወጣል፣ ጨዋታችንም ሁልጊዜ እረፍቱ ላይ ይውላል። ሦስተኛው የባለቤትዎ ወንድም ናቸው፤ በአክብሮት ስማቸውን በደብዳቤ አላነሣም፣ በሜዳም ያነሣቸው ሰው የለም። ዓመቱን ሙሉ አራት ጎል አገባን፤ አንዱን የሃይ ማላካል ቡድን ልጆች በራሳቸው መረብ ላይ አግብተው ነው የረዱን። እርስዎ ግን ወረቀትዎን እያዩ «በአጥቂ በኩል ሙሉ ነን» ማለትዎን አልተዉም። ሙሉ መሆናችን እውነት ነው፤ ወረቀቱ አይሮጥም እንጂ።

አራተኛ፣ ከእኛ ቀጥለው የመረጡት የኮር ዊሊያም ቡድን ነበሩ። የእነርሱ ሊቀመንበር ወይዘሮ ዓባይነሽ ምግብ ቤት ነው ያላቸው፤ መጋዘን የላቸውም፣ ወረቀትም አልያዙም። አጥቂ አራት ነበራቸው። እዮብን ሲያነሡ የራሳቸው ሰዎች «እማማ፣ የት ሊያጫውቱት ነው?» ብለው አጉረመረሙ። እርሳቸውም ዞር ሳይሉ «ጎበዝ ሰው ካገኘሁ ወንበር አመጣለታለሁ እንጂ፣ ወንበር ተሸክሜ ሰው ስፈልግ አልዞርም» አሉ። ወንበሩን አመጡ። አንዱን አጥቂ ወደ መሃል ሳቡት፣ አንዱን ወደ ቀኝ፤ የተሳቡትም ከበፊቱ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። እዮብ አሥራ ዘጠኝ ጎል አገባ፤ ዋንጫው አሁን ኮር ዊሊያም ነው፣ ከወይዘሮ ዓባይነሽ ፍሪጅ ላይ።

ከአሥራ ዘጠኙ አራቱን በእኛ ላይ ነው ያገባቸው፤ በአንድ ቀን፣ ስድስት ለዜሮ በተሸነፍንበት ጨዋታ። ያን ቀን አቧራችንን እንኳ ሳናራግፍ ክቡርነትዎ አጠገባችን መጥተው የተናገሩትን መቼም አልረሳም። «አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በግራ በኩል ጎል አልገባብንም።» እውነትዎን ነው፤ ሁሉም የገቡት በመሃል ነበር። በር ተከፍቶ ሳለ ማን በመስኮት ይገባል።

አምስተኛና ዋናው፣ ስለ መጪው እሑድ። ማላኪያ ከምንሰበሰብበት ቤት ግድግዳ ላይ የለጠፉትን ወረቀት አንብቤዋለሁ። ቀድሞ የእርስዎን ማስታወቂያ ሰው ነበር የሚያነብልኝ፤ ያነበቡልኝ ሁሉ እያለሰለሱ ያነቡልኝ እንደነበር አሁን ገባኝ፣ ደግነታቸውን እግዚአብሔር ይክፈላቸው። ወረቀቱ የሚለው «የጎደለ፦ በረኛ፣ አንድ» ነው። አርባ አንድ ጎል ስለገባብን በረኛ ጎድሎናል ብለው አሰቡ። ኳስ ከመሃል ሜዳ ወዲህ የሚይዝልን ሰው ስለሌለ በረኛችን ብቻውን ሲደበደብ መክረሙን አላሰቡም። ጣሪያ ሲያፈስ ባልዲ የሚገዛ ሰው አይቻለሁ፤ ባልዲውን ለመምረጥ መለኪያ ሜትር ይዞ የመጣ ግን ክቡርነትዎ የመጀመሪያው ነዎት። ሐሙስ ዕለት አዲስ መጪዎቹ ሲለማመዱ ከመጋዘን ሜትር አምጥተው አንዱን ረጅም ሰውዬ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራሱ ሲለኩት፣ አንድ የቦዳ ሞተር ነጂ ቆሞ «ኸላስ፣ አለቀለት፣ ሣጥን ሊሠሩለት ነው» ብሎ አማተበ።

ሰውዬውን ሲለኩ ግን ከጀርባዎ ካርቶን ቁጥር ሰባት ነበር። ሀሌሉያ ይባላል፤ ባንክ ውስጥ ይሠራል፣ ቀጭን ነው፣ በሜትር ብዙ አያስኬድም። ኳሱን ተቀብሎ ቀና ሲል፣ የሚሮጠው ሰው ገና መሮጡን ሳይወስን ኳሱ እርሱ ዘንድ ደርሶ ነበር። በእዮብ ዓመት የመጣብኝ ብርድ እንደገና መጣብኝ። ሮጬ ብነግርዎ «አማካይ ሞልቷል» አሉኝ፤ ሜትሩን እየጠቀለሉ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ለአንድ አንቀጽ ላቁም። አምና በታይፎይድ ወድቄ ቤቴ ውስጥ ሦስት ቀን ስቀር፣ መጥቶ በሬን የሰበረው ዘመድ አይደለም፤ ዘመድ በዚህ ከተማ የለኝም። ልምምድ ቀርቷል ብለው የመጡ የቡድኔ ልጆች ናቸው። በአንድ ቦዳ ላይ ከፊትና ከኋላ አጣብቀው ሐኪም ቤት አደረሱኝ፤ ዘጠኝ ቀን በየተራ አስታመሙኝ፤ ጎል አያገባም ያልኩት ሥዩም የለበስኩትን አጥቧል። ቡድኑ ሲሰረዝ የሚሰረዘው ይኸ ነው። ለእርስዎ አንድ ፋይል ነው የሚዘጋው፤ እኛ ግን የሚፈልገን እናጣለን። አቁሜ የነበረው እዚህ ድረስ ነው።

የማንበብ ነገር ሱስ ነውና፣ ከማስታወቂያዎ ቀጥዬ ከበሩ ጀርባ ዓመታት የተለጠፈውን የስምንቱን ቡድኖች መተዳደሪያ ደንብ አነበብኩ። ሁላችንም የኮዳ ማንጠልጠያ አድርገነው ኖረናል። አንቀጽ ዘጠኝ፣ ከምርጫው ሦስት ቀን በፊት ስሙን በጽሑፍ ያሰረዘ ነባር ተጫዋች ከአዲስ መጪዎች ጋር ተሰልፎ እንደ ማንኛውም ሰው ይመረጣል ይላል። ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የማስታውቅዎ፣ ትናንት ሐሙስ ከልምምዱ በኋላ፣ የቡድኑ አሥራ አምስት ተጫዋቾች በሙሉ ስማችንን ማሰረዛችንን ነው። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አራተኛ ጽሑፌ ቢባል ይገባዋል። ታዲዮስ ፈርሟል፣ በረኛው ፈርሟል። ከሁሉ ቀድመው የፈረሙት የባለቤትዎ ወንድም ናቸው፤ እስክሪብቶም ያዋሱን እርሳቸው ናቸው።

እንግዲህ እሑድ ወረቀትዎን ሲያወጡ፣ አለን በሚለው በኩል ማንም አይኖርም። ከበረኛ እስከ አጥቂ ሁሉም ቦታ ጎድሏል። ስለዚህ በሕይወትዎ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የትኛውንም ሰው ቢያነሡ ጉድለት ይሞላሉና፣ ጎበዙን ከማንሣት የሚከለክልዎ ነገር የለም። ለዚህ ውለታችን ምስጋና አንጠብቅም። ቡድኖቹ ይሻሙብናል ብለውም አይስጉ፤ ሁለት ዓመት ስንጫወት አይተውናል።

ቁጥር ሰባትን በመጀመሪያ ካነሡ፣ እኛ ካርቶናችንን እንዳንጠለጠልን በየዙሩ እስክንጠራ እንጠብቃለን፤ ምሳውንም እንደ አዲስ እንበላለን። ረጅሙን ሰውዬ ካነሡ ግን እርስዎ ቢጠሩን አንነሣም፤ ሌላ ሊቀመንበር ቢጠራን እንሄዳለን፤ ማንም ባይጠራን ሜዳው ዳር እንቀመጣለን፤ እርስዎም በስተግራ፣ በስተቀኝም ሆነ በመሃል ምንም የማያስቸግርዎ፣ ቁመቱ በትክክል የታወቀ አንድ በረኛ ይዘው ዓመቱን ይጀምራሉ። ያኔ ተጋጣሚ ሁሉ በየት በኩል እንደሚገባ ስለማይቸገር፣ እርስዎም ከጨዋታ በኋላ የሚያጽናኑት ሰው ስለማይኖር፣ ሁሉም ያርፋል።

መደርደሪያዎ ሁልጊዜ ሙሉ እንዲሆን፣ ቁልፎችዎ እንዳይጠፉ፣ ዓይንዎም ቢያንስ እስከ እሑድ እንዲበራ ከልብ እየተመኘሁ፣ ለእኔም ሆነ በግራዬ ለተሰለፈው ለታዲዮስ ያደረጉትን ሁሉ ሳልዘነጋ፣ በታላቅ ትሕትና ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ቢራራ
ሃይ ማላካል፣ ሥጋ ቤት
ያለማንም ረዳት በገዛ እጁ የጻፈው

ማስታወሻ፦ ወይዘሮ ዓባይነሽ መልእክት አድርስ ብለውኛል። ለዋንጫው ካሠሩት ሜዳልያ አንዱ ተርፏቸው ለማን እንደሚሰጡ ኮሚቴያቸው ሁለት ቀን ተወያይቶ፣ ሜዳ ሳይገባ ለድላቸው የእርስዎን ያህል የደከመ ሰው እንዳላገኘ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል። ስምዎ እየተቀረጸበት ስለሆነ፣ ፊደሉ እንዳይሳሳት እኔ ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ።