ጤነኛ ሰው አይመዘገብም

ጥቅምት 4
ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ። መርፌው ላይ ክር ለማስገባት ሦስቴ ሞከርኩ... ባለቤቴ አየችኝ። «ዓይንህን ታይ። ስልሳ አምስት ዓመት ለሞላው የጤና መድኑ ምርመራ ይሸፍናል ተብሏል።» ክሩ ነው እንጂ ዓይኔ ምን ሆነ? አርባ ዓመት ልብስ የሰፋሁበት ዓይን!

ጥቅምት 9
ሄድኩ። ለቤቴ ሰላም ስል። የመድን ቢሮው ግድግዳ ላይ በትልቁ ተለጥፏል፦ «አረጋውያን፣ ሳይታመሙ ይመርመሩ»። መዝጋቢዋ ከሥሩ ተቀምጣለች።
«ምንዎን ነው የሚያምዎት፣ አባባ?»
«ምንም። ሳልታመም ልመርመር ብዬ ነው።»
«የበሽታው ቦታ ባዶ ከሆነ ኮምፒዩተሩ አያሳልፈኝም።»
«እስቲ ከኋላሽ ያለውን አንብቢው፣ ልጄ።»
ዞራ አነበበችው። ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ። «እሱ ማስታወቂያ ነው፣ አባባ። ሲያምዎት ይምጡ።» ትሕትናዋ ግን ግሩም ነው።

ጥቅምት 10
ባለቤቴ በሳቅ ሞተች። እሷ ባለፈው ሳምንት «ወገቤን» ብላ የደም ግፊቷንም ስኳሯንም ታይታ ጨርሳለች። «ራሴን ያመኛል ብትል ምን ትሆናለህ?» በዚህ ዕድሜዬ ልዋሽ? ለመመርመር?

ኅዳር 2
እንደገና ሄድኩ። ሰልፉ ላይ ሽማግሌው ሁሉ በሽታ ይከፋፈላል። «ጉልበትን እኔ ይዤዋለሁ፤ አንተ ሆዴን በል» ይላል አንድ ጡረተኛ ሾፌር። «ሁላችንም ጉልበት ካልን ይነቃብናል።» ከፊቴ ያሉት እናት ሳል ደርሷቸው ይለማመዳሉ። እኔ ተራዬ ሲደርስ «ጤነኛ ነኝ» አልኩ።
መዝጋቢዋ ከልቧ አዘነችልኝ። «አሁንም አልታመሙም?»

ኅዳር 3
አቤቱታ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ሙሉ። እናያለን ማን እንደሚሸነፍ።

ታኅሣሥ 20
መልስ የለም። አንድ ደንበኛ ኮቱን ለብሶ መስታወት ፊት ቆመና ክንዱን ዘረጋ። የግራው እጅጌ ጠሟል። እኔ አላየሁትም ነበር... አፈርኩ።
ሰውየው ሲሄድ ቀኝ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩ፣ እስቲ ልሞክር ብዬ። መስኮቱ ጠፋ። ፈራሁ። ከማን እደብቃለሁ፣ ፈራሁ።

ታኅሣሥ 21
«ምንዎን ነው የሚያምዎት?»
«ዓይኔን።»
ኮምፒዩተሩ ወዲያው አሳለፈኝ። ጎሽ!
ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። ሳያም፣ ሳያስለቅስ ውስጥ ውስጡን ሲሠራ የቆየ። የግራው አልቋል፤ የቀኙ በየቀኑ ጠብታ ከተደረገበት ይተርፋል።
«ጥቅምት ላይ ታይቼ ቢሆንስ?»
«ከግራውም ትንሽ እናተርፍ ነበር» አለ፣ ወረቀቱን እያየ።
አብራኝ የመጣችው ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ ብቻ አይደለማ። የእኔም ግትርነት አለበት... ምን ነበረበት ጉልበቴን ብል?

ጥር 15
አሁን መርፌ ላይ ክር የምታስገባልኝ ባለቤቴ ናት። ቀጥ ያለ ስፌት እሠራለሁ፤ ኮት ትቻለሁ።
ዛሬ ከመድን ቢሮ ተደወለ። ኃላፊዋ ራሷ። አቤቱታዬ ታይቶ «ጤነኛ» የሚል ምርጫ ኮምፒዩተሩ ላይ ተጨምሯል። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ሾፌሩ ከእንግዲህ ጉልበት ማከፋፈል ቀረለት። ከዚያ ቀጠለች... ለአዲሱ ምርጫ የምረቃ በዓል አዘጋጅተዋል። መድረክ ላይ ወጥቼ የመድን ምርመራው ዓይኔን እንዴት እንዳዳነ ልመስክር ነው።
«የትኛውን ዓይኔን?» አልኳት።
«ስለዳነው ይናገሩ፣ አባባ። የተሰጠን ሰዓት አጭር ነው።»
እሄዳለሁ። የምናገረው ስለ ግራው ነው።