ፎቶዋ ከበሩ በላይ፣ እሷ ከበሩ ውጭ

ለክቡር የፀሐይ ኃይል ጣቢያው የሰው ኃይልና አካታችነት ክፍል ኃላፊ፤
ከጃይሳልሜር ከተማ በስተምዕራብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ፣ የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣም ሳይታወክ መሥራቱን በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ የመንደሩ ሰዎች ከሙቀቱና ከአቧራው በቀር ደህና ነን። ኬሳራም እባላለሁ፤ በዚህ በረሃ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ደብዳቤ ሳደርስ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ፖስተኛ ነኝ። የራሴን ደብዳቤ ስጽፍ ግን ገና ጀማሪ ስለሆንኩ፣ ያጠፋሁት ቢኖር በትልቅነትዎ ይለፉኝ።

የምጽፍልዎት ስለ ወንድሜ ልጅ ስለ ዳፑ ሲሆን፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ግጦሻችንን አጥረው የሶላር ሰሌዳ ስለተከሉበት እናመሰግናለን። ፍየሎቻችንን ከሸጥን ወዲህ የምንቀመጥበት ሰፊ ጊዜ አግኝተናል። አጥሩ በተጀመረበት ዕለት ከመንደሩ ዛፍ ሥር ቆመው፣ «ሥራው የእናንተው ነው፤ ሴት ወንድ፣ አካል ጉዳተኛ ሳይባል ሁላችሁም ትገባላችሁ» ሲሉን ዳፑ ከፊት ተቀምጣ ነበር። በልጅነቷ ፖሊዮ አንድ እግሯን ስለጎዳው በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ባሏ ሱራት ከተማ ጨርቅ ፋብሪካ ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው። እሷም እዚህ ሥራ ካላገኘች የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጇን ከትምህርት ቤት አስወጥታ እሱን መከተሏ ነበር። ስለዚህ ቃልዎን እንደ እኛ እያዛጋች አልሰማችውም።

ሁለተኛ፣ ስለ ስድስት ወሩ የሶላር ጥገና ሥልጠና እናመሰግናለን። ዳፑ ከአርባ ሴቶች አንደኛ ወጣች፤ የምስክር ወረቀቷንም ከእርስዎ እጅ ተቀበለች። ለቴክኒሻንነት ስታመለክት ግን የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ተጠየቀች። በአካባቢያችን ብቸኛው ጣቢያ የእርስዎ ሲሆን፣ ከተከፈተ ገና አሥራ አራት ወሩ ነበር። ይህን ብታስረዳ፣ የቢሮዎ ጸሐፊ በታላቅ ርኅራኄ፣ «እህቴ፣ ልምዱስ ይቅር። መሰላል መውጣት አለ፤ ለራስሽ ደህንነት ብለን ነው» አላት።

«የታለ መሰላሉ? አምጣውና ልውጣው» አለች።

ንብረት ክፍሉ ተፈተሸ፤ መሰላል አልተገኘም። ሰሌዳዎቹ ከሰው ወገብ ስለማያልፉ የገዛ ሰው አልነበረም። ማመልከቻዋ ግን በመሰላሉ ምክንያት ውድቅ ሆነ። ቴክኒሻኖቹ ከከተማ መጡ፤ ለእኛ ሰዎች ሰሌዳ ማጠብና በር መጠበቅ ተረፈልን።

ሦስተኛ፣ ለዲዋሊ በዓል ቴክኒሻኖችዎን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደየቤታቸው ስለላኩ አመሰግናለሁ። በበዓሉ ማግስት የጣቢያው ምዕራባዊ ክፍል ኃይል ማመንጨት አቆመ። ጣቢያውን ሊጎበኙ የሚመጡት እንግዶችዎ ከዋና ከተማው ሊደርሱ ሁለት ሰዓት ሲቀራቸው፣ ዘበኛው ጎርዳን እያለከለከ ቤታችን መጣ።

«ዳፑ፣ እባክሽ! ሰውዬው ሊያብድ ነው!»

«የመግቢያ ካርድ የለኝም እኮ።»

«ዛሬ ማን ካርድ ይጠይቃል?»

ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። እርስዎ የኤሌክትሪክ ገመዱን ሊጎትቱ እጅዎን ሲዘረጉ፣ «ክቡር ሆይ፣ መጀመሪያ ኃይሉን ያስጠፉት፤ እጅዎን ከወደዱት» ያለችዎት ትዝ ይልዎታል ብዬ አምናለሁ። ካስጠፋች በኋላ በረድፎቹ መካከል እየዳኸች አንድ በአንድ ፈተሸች፤ የበረሃ አይጥ የበላውን ገመድም አገኘች። ቀይራ ስትጨርስ ኃይሉ ተመለሰ፤ እንግዶችዎም ደረሱ። ምርኩዟን ይዛ፣ አቧራ እንደለበሰች ፎቶ አነሷት።

አራተኛ፣ ያንን ፎቶ የአንድ ቤት ጣሪያ በሚያህል ሸራ አሳትመው ከዋናው በር በላይ ስለሰቀሉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ከሥሩ «ማንንም የማይተው አረንጓዴ ሥራ» የሚል ተጽፎበታል። ዳፑ ይህን ስታይ የተቀጠረች መስሏት ነጠላ ጫማዋን አሳምራ ጠዋት በሩ ላይ ተገኘች።

ጎርዳን አንገቱን ደፍቶ፣ «ካርድ፣ እህቴ» አላት።

«ቀና በል እስቲ።»

ቀና አለ፤ አየ። «አንቺ ነሽ፤ አልካድኩም። ግን ይሄ ፎቶ ነው፣ ካርድ አይደለም። እኔንም ያባርሩኛል።»

እዚያ በሩ ላይ ሳቀች። ቤት ገብታ ግን የልጇን የትምህርት ቤት ልብስ አጣጥፋ ወደ ሱራት በምትይዘው ሻንጣ ውስጥ ከተተች። እኔ ለሠላሳ አንድ ዓመት ብዙ መርዶ አድርሻለሁ፤ እንደዚያ ሻንጣ የከበደኝ ግን የለም።

ያዳናት እርስዎ አይደሉም። አብራት የሠለጠነችው ሱግኒ መጥታ ሻንጣውን ከፍታ ልብሱን አወጣችና፣ «አንቺ ሞኝ! የገበሬው ሁሉ የውሃ ፓምፕ በሶላር ነው የሚሠራው። ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ሱራት ድረስ ሊልኩት ነው?» አለቻት። የድሮውን የፖስታ ክፍል ለጥገና ሱቅ እንዲሆናቸው ጠርጌ ሰጠኋቸው። ዛሬ እርስዎ አሠልጥነው የጣሏቸው ሰባት ሴቶች እዚያ ይሠራሉ፤ የዳፑ ልጅም አራተኛ ክፍል ገብታለች። ሠራተኞቹን በነጻ ስላሠለጠኑልን ከልብ አመሰግናለሁ።

ከእርስዎ የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወይ ሴትዮዋን ያስገቡ፣ ወይ ፎቶዋን ያውርዱ።

ዕድሜና ጤና እየተመኘሁልዎት፣ ከአጥርዎ ውጭ በኩል በትሕትና የቆምኩት፣

ኬሳራም፣ የቀድሞ ፖስተኛ

ማስታወሻ፦ ከትናንት ወዲያ ሾፌርዎ የመኖሪያ ቤትዎን ፓምፕ ጭኖ ሱቃችን መጥቶ ነበር። ከፊቱ አሥራ ሦስት ገበሬዎች ወረፋ ይዘው ነበርና፣ «የኃላፊው እኮ ነው!» ብሎ ቢቆጣ ዳፑ ወንበር ሰጥታው፣ «ወንድሜ፣ እኛ ጋ ማንንም አንተውም፤ ማንም ግን አይቀድምም» ብላዋለች። ተራዎ ሐሙስ ነው። እስከዚያ ውሃውን ቆጠብ ያድርጉ።