የባትሪ ባለሙያው የአቶ ገበየሁ መርሻ የሕይወት ታሪክ

አቶ ገበየሁ መርሻ ከአባታቸው ከአቶ መርሻ ወልዴ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺ አበጋዝ፣ በሀብሩ ወረዳ ግራና አካባቢ ኅዳር 12 ቀን 1950 ዓ.ም. ተወለዱ። መርሳ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1967 ዓ.ም. ወልድያ በሚገኝ ጋራዥ ተቀጠሩ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የለመዱት እዚያው ነው። በ1976 ዓ.ም. መርሳ ተመልሰው በአስፋልቱ ዳር የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። በዚያው ዓመት ከወ/ሮ አለሚቱ ካሴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሰላማዊትንና ኤፍሬምን አፍርተዋል።

ቀጥሎ ያለውን ያስጻፉት ራሳቸው ናቸው። በሕመማቸው ወቅት ልጃቸውን ሰላማዊትን ጠርተው፣ «ጥሩ ጥሩውን ብቻ እንዳታነቡብኝ» አሏት። በታሪኩ ውስጥ የሚነሱት አቶ ኢዘዲንና ባለቤታቸው ወ/ሮ ነኢማም እንዲነበብ ተጠይቀው ፈቅደዋል።

በ1990 ዓ.ም. ክረምት የግራናው ነጋዴ አቶ ኢዘዲን የፒክአፕ መኪናቸውን ባትሪ ሊያሳስሩ መጡ። መንገዱ ድንጋያማ ስለነበር አቶ ገበየሁ እንዳይላላ ብለው የማሰሪያውን ብሎን ባለ በሌለ ጉልበታቸው አጠበቁት። ገመዱ የሚታሰርበት የባትሪ ጫፍ ግን እርሳስ ነው፤ ልክ አለው፤ ሲያልፍ ይሰነጠቃል።

በሳምንቱ ወ/ሮ ነኢማ ምጥ ያዛቸው። ወደ ወልድያ ሆስፒታል ሲጓዙ የመኪናው ሞተር ከግራና ወዲህ ባለው ወንዝ መካከል ጠፋ፤ ቢያስነሱት ድምፅ የለውም። የአካባቢው ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ መርሳ አደረሳቸው፤ ከዚያ በሌላ መኪና ሄዱ። እናቲቱ ተረፉ፤ ሕፃኑ አልተረፈም።

መኪናው ተጎትቶ መርሳ ሲመጣ ሁሉም «ባትሪው አርጅቶ ነው» አለ። ስንጥቁን ያዩት አቶ ገበየሁ ብቻ ነበሩ። ዐሥራ አንድ ቀን ዝም አሉ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ሱቃቸውን ዘግተው በእግራቸው ግራና ሄዱ።

«ኢዘዲን፣ ባትሪህን የሰበርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ከልኩ በላይ አጠበቅኩት።»

አቶ ኢዘዲን «ሳትጠየቅ መጣህ። አላህ ይቅር ይበልህ። እኔ ግን ዛሬ አልችልም፤ ሂድልኝ» አሏቸው። አቶ ገበየሁ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የጥብቀት መለኪያ መፍቻ ከአዲስ አበባ አስመጡ። ብሎኑ ልኩ ላይ ሲደርስ መፍቻው «ቀጭ» ይላል፤ እርሳቸውም እጃቸውን ያነሳሉ። ደንበኛ «ትንሽ ጨምርበት እንጂ!» ቢል አይጨምሩም ነበር። ቅር ብሎት የሄደም አለ።

በ1992 ዓ.ም. መስከረም አቶ ኢዘዲን ያንኑ ፒክአፕ ሱቁ በር ላይ አቆሙ። ኮፈኑን ከፍተው፣ «ገበየሁ፣ ባትሪውን እይልኝ» አሉ። ስለ ሌላ ነገር አልተነጋገሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ቤተሰቦች በደስታም በኀዘንም አልተለያዩም። ወ/ሮ ነኢማ ስለዚያ ወንዝ አንድም ቀን አላነሱም፤ እኛም ጠይቀናቸው አናውቅም።

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ለዐሥራ አራት ዓመት ወልድያ የሙያ ሠልጣኞችን አስተምረዋል። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ አሮጌ ባትሪ እየሰጡ ጫፉ እስኪሰነጠቅ እንዲያጠብቀው ያደርጉ ነበር። «አሁን እጅህ አወቀው» ይሉታል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የሱቃቸው ዕቃ ሁሉ ተዘርፎ ቤተሰባቸውን ይዘው ተሰደዱ፤ ተመልሰው በአንድ መፍቻ ሥራ ጀመሩ።

አቶ ገበየሁ ቁጥብ፣ ቀጠሮ አክባሪ፣ ሲበዛ ዝምተኛ ነበሩ። ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ወልድያና ደሴ ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

ለደከመ ሥጋቸው ዕረፍት የሰጠ አምላክ ለነፍሳቸውም በቅዱሳኑ መካከል ሥፍራ ይስጥልን፤ የቀረነውንም ያጽናን። አሜን።